የመርፌ ቁጥር

በእኔ ሱቅ ደንቡ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ መርፌው ይወፍራል፣
አሥራ አንዱ ሐር ይዳስሳል፣ አሥራ ስምንቱ ጂንስ ይደፍራል።
እዚህ ግን፣ ደሴ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሥር፣
ዶክተር ጦይባ ሁለት መርፌ አስተኝታ በነጭ ጨርቅ ዳር፣
"ይሄ ሃያ ሁለት፣ ይሄ ሃያ አምስት" ብትለኝ፣ ጠጋ ብዬ ባይ፣
ሃያ አምስቱ ቀጭኑ ነው! የተገለበጠ ጉዳይ።
"ተሳስተሻል ልጄ" አልኳት። ሳቀች፣ ጓንቷን እያነሳች፣
"እኛ ቤት፣ ጋሽ አበጋዝ፣ መርፌ ቁጥሯ ሲያድግ ሳሳች።"

ሙሄን፣ ተማሪዬን፣ ስፌት ባጠመመ ቁጥር
"ቆሽቴን አታሳርረው!" ስል ኖርኩ፣ ሳላውቅ የቆሽትን ሰፈር።
ለካ ከጨጓራ ጀርባ ነው፣ ከአከርካሪ ፊት ተኝቶ፣
ዝም ብሎ የሚሠራ፣ ስድቤን ሁሉ ሰምቶ።
አሁን ራሱ ላይ ጠጣር ነገር፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል፣
ስም ያልወጣለት።
መርፌ ነው ስም የሚያወጣለት፣ ይላሉ። እስቲ ይባል።

ባለፈው ወር በቀጭኑ ነበር። ቱቦው በጉሮሮዬ ወርዶ፣
ጫፉ ላይ በድምፅ የሚያይ ዓይን፣ ከጨጓራዬ ግድግዳ ማዶ
ጥቁሩን ጥላ አገኘው። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣
ስሪንጁ ሳበ፣ ሳበ።
መስታወት ላይ ሲቀቡት ደም፤ ደሙ መሐል ጥቂት ህዋስ፣
ማክሰኞ ጠዋት ሰኞ ገበያ ላይ እንደቀረ ገለባ።
ወረቀቱ "ለመወሰን አይበቃም" ብሎ መጣ።
አልዋሸም።

ይህን እኔም አውቃለሁ። ከጨርቅ ላይ ብናኝ ብታነሺ፣
ጥጥ ነው ወይ ሱፍ ነው ትያለሽ፣ በጣቶችሽ መሐል ብታሺ፤
አሠራሩን ግን፣ ድሩን ከማጉ፣ ማን በማን ላይ እንዳለፈ፣
የሸማኔ እጅ ይሁን የኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ክሩ የቱ ጋ እንደገደፈ፣
ለዚያ ቁራጭ ያስፈልጋል።
አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ፣ እንደ ሙያ ባልደረባ።

"ቁራጭ የምታመጣ አለች" አለች፤ ጫፏ ሦስት ጥርስ፣ እንደ ዘውድ።
"ግን ሁሌ አትበልጥም። ደንደን ያለች ናት፣ ታስቸግራለች በመንገድ፣
መታጠፊያው ሲጠብ። አንዳንዴም ደም ብቻ ይዛ ትመለሳለች።
ደግሞ እጅ አለ። አንዱ በስሪንጅ ይስባል፣ ሌላው ሽቦዋን በዝግታ፣
አንዱ አንዱን ቦታ ይደጋግማል፣ ሌላው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋታል ለአፍታ።"
"በዝግታ ሳቢ" አልኳት፣ "ክር በቁጣ ሲሳብ ይበጠሳል።"
"እሱ ላይ" አለች፣ "የተማረው ሁሉ ገና ይከራከራል።"

ስነቃ አንሻ፣ የላብራቶሪዋ፣ ጠርሙስ ወደ መብራት አንስታ፣
በማይክሮስኮፗ ቀድማ አይታ፣
"ይበቃል" አለች። ፈሳሹ ውስጥ ነጭ ክር፣
ቁልፍ እንኳ የማይተክል አጭር፣
ድርና ማጉ ያልተፈታ።
ስንት ጨርቅ ቆርጬ ጥያለሁ፣ ስንት ጠርጌያለሁ ከመቀሴ ሥር፤
እንዲህ ወደ ብርሃን ያነሳሁት ቁራጭ ግን አልነበረም።
አንድም።

"መቼ ልምጣ?"
"ሐሙስ።"
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሸዋ በር ተቀምጬ "ነገ ና" ያልኩ ሰው
ቀጠሮ የሚሉትን ልብስ ዛሬ ገና ለካሁት።
አንገት ላይ ይጠብባል።

ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ሱቄ ገባሁ፣
እጅጌ የሌለው ኮት ተሰቅሏል፤ አሥራ አራት ቁጥር መርፌ አስገባሁ።
የሙሽራው ቀን እሁድ ነው፤ ልማዴ ቅዳሜ ማታ መስጠት።
ደወልኩለት።
ረቡዕ ና፣ አልኩት። ከሐሙስ በፊት።